መንታ በተወለደበት ቤት

«መንታ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ብዙ አገልግሎት አለው። ወደ ሁለት አቅጣጫ የሚከፈል መንገድ መንታ መንገድ ይባላል። ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ የሚናገር ሰው ምላሱ መንታ ነው ይባላል። በእነዚህ አነጋገሮች ውስጥ አንድ የጋራ ፍሬ ሐሳብ አለ፤ ይኸውም አንድ መሆን የሚገባው ነገር ለሁለት ተከፍሎ መገኘቱ ነው። ቃሉን ለልጆች ስናውለው ግን ይህ ፍሬ ሐሳብ ሊያሳስተን ይችላል። መንታ ሆነው የተወለዱ ሕፃናት፣ አንድ ቀን ቢወለዱም፣ መልካቸውም አንድ ቢሆን፣ የየራሳቸው ረኀብ፣ የየራሳቸው እንቅልፍና የየራሳቸው ሕመም ያላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። ይህ ለማንም ግልጽ የሆነ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ቤተሰቡ በደስታና በድካም በተዋጠበት ሰዓት፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚረሳው ይኸው ነው።

በዚህ ምንባብ ከልደት ቀን አንሥቶ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ድረስ ያለውን ጊዜ እንመለከታለን። አንዳንድ ወንዶች ተማሪዎች «ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው» በማለት ገጹን ለመግለጥ ትቸኩሉ ይሆናል። አትቸኩሉ። መንታ በተወለደበት ቤት ለእናቲቱ ብቻ የሚተወው ሥራ ጡት ማጥባት ነው፤ የቀረውን ማንኛውም ሁለት እጅ ያለው ሰው ሊሠራው ይችላል።

መንታ ልጆች በሁለት መንገድ ይፀነሳሉ። አንደኛው፣ አንድ የዳበረ እንቁላል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለሁለት ሲከፈል ነው። እንዲህ ያሉት ልጆች ፆታቸው አንድ ዓይነት ሲሆን፣ መልካቸውም ለመለየት እስኪያስቸግር ድረስ ይመሳሰላል። ሁለተኛው፣ ሁለት እንቁላሎች በአንድ ጊዜ ሲዳብሩ ነው፤ እነዚህኞቹ በተለያየ ጊዜ ከተወለዱ ወንድማማቾችና እኅትማማቾች የበለጠ አይመሳሰሉም፤ አንዱ ወንድ፣ ሌላዋ ሴት ሊሆኑም ይችላሉ። የመጀመሪያው ዓይነት በዓለም ሁሉ ከሞላ ጎደል እኩል ሲገኝ፣ ሁለተኛው ግን ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል። በደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ የሚኖሩት ዮሩባዎች በመንታ ብዛት የታወቁ ናቸው። በእነርሱ ዘንድ ቀድሞ የተወለደው ታይዎ፣ ተከትሎ የተወለደው ኬሂንዴ ይባላል።

አንድ ማሕፀን ሁለት ልጆችን ሲይዝ ቦታው ይጠባል፤ እርግዝናውም ብዙ ጊዜ ጊዜው ሳይደርስ ይቋጫል። ሙሉ እርግዝና 40 ሳምንት ያህል ሲሆን፣ አብዛኞቹ መንታዎች 37 ሳምንት ሳይሞላቸው ይወለዳሉ። ክብደታቸውም ብዙ ጊዜ ከ2500 ግራም በታች ይሆናል። ከቀኑ በፊት የተወለደ ሕፃን ከቆዳው ሥር በቂ ስብ ስላልተጠራቀመ ሙቀቱን ይዞ ማቆየት አይችልም። አፉም ለመጥባት ኃይል ስለሚያንሰው ጥቂት ጠብቶ ያንቀላፋል። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ትግል በአመዛኙ በብርድና በረኀብ ላይ የሚካሄድ ትግል ነው።

ከብርድ እንጀምር። ሕፃን እንደ ተወለደ የማጠብ ልማድ በብዙ አካባቢ አለ። ሆኖም ገላን ማጠብ የሕፃኑን ሙቀት በፍጥነት ስለሚቀንስ ቢያንስ 24 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል፤ ለትናንሾቹም ከዚያ በላይ ቢዘገይ ይበጃል። የሚሻለው በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ አድርቆ፣ ራሱን በቆብ ሸፍኖ፣ ከእናቱ ገላ ጋር ማገናኘት ነው። አንዳንዶች ቤቱን ለማሞቅ በር ዘግተው ከሰል ያነዳሉ። ይህ እጅግ አደገኛ ነው። ከከሰል የሚወጣው ሽታ የሌለው መርዛም ጋዝ እናቲቱንም ልጆቿንም በእንቅልፋቸው ሊገድላቸው ይችላል።

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ ታሪክ ያለው ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ የተባሉ የሕፃናት ሐኪም ይሠሩበት የነበረው ሆስፒታል የሕፃናት ማሞቂያ ሣጥን ያንሰው ነበር። ከአንድ በላይ ሕፃን በአንድ ሣጥን ይተኛ ስለነበር በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፍ ነበር። ሐኪሙ ሕፃናቱን ከሣጥን ይልቅ በእናቶቻቸው ባዶ ደረት ላይ ማስቀመጥ ጀመሩ። ሕፃኑ የሽንት ጨርቅና ቆብ ብቻ አድርጎ በእናቱ ጡቶች መካከል ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ከላይ በጨርቅ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል። ግልገሏን በሆዷ ኪስ ይዛ በምታሳድገው በአውስትራሊያዊቷ እንስሳ ስም ዘዴው የካንጋሮ እንክብካቤ ተባለ። በአገራችንም ዶክተር ቦጋለ ወርቁ ከባልደረባቸው ጋር በአዲስ አበባ ባደረጉትና በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት፣ ክብደታቸው አነስተኛ ከሆኑ ሕፃናት መካከል በዚህ ዘዴ ቀደም ብለው የተያዙት በተለመደው መንገድ ከተያዙት በበለጠ ቁጥር በሕይወት እንደ ተረፉ አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ጊዜያቸው ሳይደርስ ወይም ክብደታቸው አንሶ ለተወለዱ ሕፃናት እንክብካቤው ከልደት በኋላ ወዲያውኑ እንዲጀመር መክሯል።

ሁለት ሕፃናት በአንድ ደረት ላይ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። እናቲቱ ለመብላት፣ ለመታጠብ ወይም ለመተኛት ስትነሣ ግን ቦታውን ሌላ ሰው መያዝ አለበት። አያት ትችላለች፤ አባትም ይችላል። የአባት ደረት ወተት ባይኖረውም ሙቀት አለው። ጋቢ የለበሰ አባት ሁለት ሕፃናትን ከጋቢው ሥር ይዞ ቢቀመጥ ማንም አይስቅበት፤ እርሱ በዚያ ሰዓት የሚሠራው ሥራ ማሞቂያ ሣጥን የሚሠራው ሥራ ነው።

ወደ ረኀቡ እንለፍ። «ወተቱ ለሁለት ይበቃል?» ብሎ የማይጠይቅ ጎረቤት የለም። ጥያቄው በቅንነት የሚቀርብ ነው፤ ነገር ግን በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ የወለደችን እናት ልብ ይከፍለዋል። ስለዚህ መልሱን ማወቅ ይገባል። ጡት እንደ ጠላ ጋን ተቀድቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ሕፃኑ በጠባ ቁጥር መልእክት ወደ እናቲቱ አንጎል ይደርሳል፤ አንጎልም ሁለት ንጥረ ነገሮች ወደ ደም እንዲለቀቁ ያደርጋል። ፕሮላክቲን የተባለው ወተት እንዲመረት ሲያደርግ፣ ኦክሲቶሲን የተባለው ደግሞ የተመረተው ወተት እንዲፈስ ያደርጋል። ወተቱ ሳይጠባ በጡት ውስጥ ከቆየ ምርቱ ይቀንሳል፤ ከተጠባ ይጨምራል። በሌላ አነጋገር ሁለት አፍ ሲጠባ፣ ጡት ለሁለት አፍ የሚሆን ወተት ወደ ማምረት ያዘነብላል።

ይሁን እንጂ ይህ በአንድ ቀን አይሆንም። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት የሚወጣው ወፈር ያለና ወደ ቢጫነት የሚያደላ እንገር ነው። መጠኑ ጥቂት በመሆኑና በቀለሙ ምክንያት «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ታልቦ የሚደፋበት ቤት አለ። እንገር ግን ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከሉ ነገሮች የተጠራቀሙበት ነው፤ የሕፃኑም ሆድ በእነዚህ ቀናት እጅግ ትንሽ ስለሆነ ጥቂቱ ይበቃዋል። በዚህ የጥበቃ ጊዜ ነው ችግር የሚመጣው። «ልጆቹ ተራቡ» ተብሎ አንዱ ቅቤ ያስውጣል፤ ሌላዋ በስኳር የተበጠበጠ ውኃ ወይም የአብሽ ውኃ ታቀርባለች። ውጤቱ ምን እንደሚሆን አስተውሉ። ውኃው የሕፃኑን ሆድ ይሞላል፤ ሆዱ የሞላ ሕፃን አይጠባም፤ ያልተጠባ ጡት ምርቱን ይቀንሳል። ስለዚህ «ወተት አነሰ» ተብሎ የሚሰጠው ውኃ ራሱ ወተቱን ያሳንሰዋል። ውኃው ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ ተቅማጥ ይከተላል።

የሆነ ሆኖ ሁሉም ሕፃን በራሱ ኃይል ይጠባል ማለት አይደለም። ለመጥባት አቅም ላነሰው ሕፃን እናቲቱ ወተቷን በታጠበ እጅ በንጹሕ ሲኒ ታልብለታለች፤ እርሱም ጥቂት በጥቂት ከሲኒው ይጠጣል። ብዙ ደም የፈሰሳት ወይም በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ወተቷ ሊዘገይ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ተጨማሪ ምግብ ማስፈለግ አለማስፈለጉን የሚወስነው ሕፃኑን የመዘነው የጤና ባለሙያ እንጂ የጎረቤት ግምት አይደለም። ባለሙያው ተጨማሪ ወተት ካዘዘም እናቲቱ የምታፍርበት አንዳች ምክንያት የለም። ሚዛን እዚህ ላይ ከምላስ ይበልጣል። ሕፃናት ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ይከሳሉ፤ 2200 ግራም ሆኖ የተወለደ ሕፃን እስከ 220 ግራም ድረስ ሊቀንስ ይችላል። በሁለት ሳምንት ገደማ ግን የተወለደበትን ክብደት መመለስ አለበት። በቤት ውስጥ ደግሞ የሽንት ጨርቅ ይመሰክራል፤ ከአምስተኛው ቀን ወዲህ በቂ ወተት የሚያገኝ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 6 ጊዜ ያህል ይሸናል።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። አንድ አራስ ሕፃን በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት ይኖርበታል። ለሁለት ሲሆን ከ16 እስከ 24 ጊዜ ይሆናል። አንዱ ጥቢ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ፣ እናቲቱ ከ24ቱ ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ታጠባለች ማለት ነው። ልጅ ማስገሳት፣ ማስተኛትና ጨርቅ መቀየር ገና አልተቆጠረም። እያንዳንዱ ሕፃን በቀን 8 ጊዜ ቢቀየርለት የሚታጠበው ጨርቅ 16 ነው። ይህን ሒሳብ የሠራ ሰው የመንታ እናት ለምን ቀን ቀን እንደምታንቀላፋ አይጠይቅም።

ጊዜውን የሚያሳጥረው ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማጥባት ነው። እናቲቱ ተደግፋ ትቀመጣለች፤ በሁለቱም ጎኗ የታጠፈ ጋቢ ወይም ትራስ ይደረጋል። እያንዳንዱ ሕፃን እግሩ ወደ ኋላዋ፣ ራሱ ወደ ጡቷ ሆኖ፣ ተማሪ ደብተሩን በብብቱ እንደሚይዝ ዓይነት በክንዷ ሥር ይያዛል። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ግን አንዱን ለብቻው ማስለመድ ይቀላል፤ እናቲቱ የአንዱን አያያዝ ሳትለምድ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለመያዝ ብትታገል ትሰላቻለች። በርትቶ የሚጠባው ሕፃን ሁልጊዜ በአንድ ጡት ላይ እንዳይወሰን ጎናቸውን ማፈራረቅም ያስፈልጋል።

«ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም» የሚል አባባል አለን። በብዙ የኑሮ ጉዳይ ላይ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በመንታ ቤት ግን እውነት እንዳይሆን መትጋት ይገባል። ከሁለቱ ሕፃናት አንዱ ብዙ ጊዜ ከሌላው ይበረታል። ብርቱው ይጮኻል፤ ሰው ሁሉ ወደ እርሱ ይሮጣል። ደካማው ይተኛል፤ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» እየተባለ ይመሰገናል። ይህ ጨዋነት ድካም ሊሆን ይችላል። በቂ ወተት ያላገኘ ትንሽ ሕፃን ለማልቀስ ጉልበት ያጣል፤ ባለማልቀሱም ይረሳል፤ በመረሳቱም የበለጠ ይደክማል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ሕፃን ከ3 ሰዓት በላይ ሳይጠባ እንዲተኛ መተው አይገባም፤ ቀስቅሶ ማጥባት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የሰዋስው ትምህርታችሁ ከአራስ ቤት ይገባል። አያት ከገበያ ስትመለስ «መንታዎቹ ጠቡ?» ብላ ትጠይቃለች። «አዎ፣ ጠብተዋል» የሚል መልስ ይሰጣል። ባለቤቱ በብዙ ቁጥር ነው፤ ግሡም በብዙ ቁጥር ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ ከሰዋስው አንጻር ምንም እንከን የለበትም። ነገር ግን ከሁለቱ አንዷ ከጠዋት ጀምሮ አፏን አለመክፈቷን ይኸው ብዙ ቁጥር ሊሸፍነው ይችላል። ትክክለኛው አነጋገር እያንዳንዱን በነጠላ ቁጥር መጥራት ነው፤ «ታላቁ ጠብቷል፤ ታናሿ ግን አልጠባችም» ማለት ነው።

የደከመ ሰው ደግሞ ይረሳል። በሦስተኛው ሌሊት ማን መቼ እንደጠባ የሚያስታውስ አእምሮ አይገኝም። እናንተ ማንበብና መጻፍ የምትችሉ የቤቱ ልጆች የምታስፈልጉት በዚህ ጊዜ ነው። አንድ አሮጌ ደብተርና እርሳስ ከአልጋው አጠገብ ይቀመጥ፤ አጻጻፉም እንደሚከተለው ይሁን።

ሌሊት 7፡30፤ ታላቅ፤ ግራ ጡት፤ 25 ደቂቃ ጠባ፤ ሸና።
ሌሊት 7፡30፤ ታናሽ፤ ቀኝ ጡት፤ 5 ደቂቃ ጠብታ ተኛች፤ አልሸናችም።
ሌሊት 9፡00፤ ታናሽ ተቀሰቀሰች፤ ቀኝ ጡት፤ 15 ደቂቃ ጠባች፤ ሸናች።

በእነዚህ መስመሮች ውስጥ አንድም የማስዋቢያ ቃል የለም። ሆኖም ይህን ደብተር ወደ ጤና ጣቢያ ይዞ የሄደ ቤተሰብ «ልጄ ደክማለች» ከማለት የበለጠ ነገር ለባለሙያው ይነግራል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከምትጽፏቸው ድርሰቶች ሁሉ እንዲህ ያለው ማስታወሻ አጭሩ ነው፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚጠቅምበት ቀን ሊመጣ ይችላል።

ማስታወሻው እንዲረዳ ግን ሕፃናቱ ሳይምታቱ መለየት አለባቸው። አንዱ ወንድ፣ ሌላዋ ሴት ከሆኑ ችግር የለም። በጣም የሚመሳሰሉ ከሆኑ ግን ሁለት ጊዜ የጠባው አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህ ጭንቀት ጥንታዊ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት፣ ትዕማር መንታ በምትወልድበት ጊዜ አዋላጇ ቀድሞ በወጣው እጅ ላይ ቀይ ክር ማሰሯ ተጽፏል፤ ምንም እንኳ ያ ሕፃን እጁን መልሶ ወንድሙ ቢቀድመውም። ዛሬም ክር የሚያስሩ አሉ። በጣት ወይም በእጅ ላይ የጠበቀ ክር ግን የደም ዝውውርን ሊያግድ ስለሚችል፣ የተለያየ ቀለም ያላቸው ቆቦች ይሻላሉ። ቆቦቹ ሲታጠቡ እንዳይለዋወጡ መጠንቀቅ ደግሞ የአጣቢው ፈንታ ነው።

እስካሁን ስለ ሁለት ሰዎች ስንናገር ቆይተናል። በዚያ ቤት ግን እንክብካቤ የሚያስፈልጋት ሦስተኛ ሰው አለች፤ እርሷም አራሷ ናት። ሁለት ልጆችን የያዘ ማሕፀን ከመጠን በላይ ስለተለጠጠ፣ ከወሊድ በኋላ በሚገባ ላይኮማተር ይችላል። ስለዚህ የመንታ እናት፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ ብዙ ደም እንዳይፈስሳት በጥንቃቄ ትጠበቃለች። ልጆቿን ቶሎ ማጥባቷ እርሷንም ይረዳታል፤ ወተት እንዲፈስ የሚያደርገው ኦክሲቶሲን ማሕፀንንም ያኮማትራልና። ብዙ ደም ቢፈስሳት፣ ቢያተኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት ቢይዛት ወይም ዐይኗ ብዥ ቢልባት ያለ መዘግየት ወደ ሕክምና መወሰድ አለባት።

ገንፎውና አጥሚቱ መልካም ልማድ ነው፤ ይቀጥል። ሥጋ፣ እንቁላል፣ አትክልትና በቂ ውኃ ቢጨመሩበት ይበልጥ ይጠቅማታል። አራስ ጥየቃውም ፍቅር ነው፤ ነገር ግን ጠያቂ በመጣ ቁጥር እናቲቱ ተነሥታ ከተቀመጠች፣ ለልጆቿ እንቅልፍ ስትል የምታገኛት ያች አንዲት ሰዓት ትሄዳለች። ለመንታ አራስ ከሁሉ የሚበልጠው ስጦታ እጁን ታጥቦ አንዱን ሕፃን ይዞ እርሷን የሚያስተኛ ሰው ነው። ከእርሱ ቀጥሎ አሥራ ስድስቱን ጨርቅ የሚያጥበው ነው። ጉንፋን ወይም ሳል ያለበት ጠያቂ ከደጅ ሰላምታ ሰጥቶ ቢመለስ እንደ ንቀት አይቆጠርም።

አራሷ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለ ምክንያት ሆድ ሊብሳትና ልታለቅስ ትችላለች። ይህ በብዙ ወላዶች ላይ የሚደርስና አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚያልፍ ነው። «እግዜር ሁለት ሰጥቶሽ ታለቅሻለሽ?» ብሎ መገሠጽ ግን በድካም ላይ ጥፋተኝነትን መጨመር ነው። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ምግብና እንቅልፍ ከነሣት፣ ወይም ራሷን አለዚያም ልጆቿን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት ይህ ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው።

የአራስ ቤት መስኮትና በር እየተዘጋ የሚጨልምበት ልማድም አንድ ችግር አለው። በጨለማ ውስጥ የሕፃንን ቀለም ማየት አይቻልም። ስለዚህ በየቀኑ ሁለቱንም ተራ በተራ ብርሃን ወዳለበት አቅርቦ መመልከት ያስፈልጋል። ሕፃኑ መጥባት ካቆመ፣ ሲቀሰቅሱት ካልነቃ፣ ገላው ከጋለ ወይም ከቀዘቀዘ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ካንቀጠቀጠው፣ እትብቱ ከቀላ ወይም መግል ከያዘ፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ፣ ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢታይ እንኳ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል። በእትብት ላይ ባለሙያ ካዘዘው መድኃኒት በቀር ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አይቀባም። አንዱ ሲታመም ሌላው ጤነኛ ቢመስልም አብሮ ይታያል፤ ወደ ጤና ተቋሙ በሚደረገውም ጉዞ ላይ ሕፃናቱ በደረት ላይ ተይዘው፣ በመንገድ እየጠቡ ይሄዳሉ።

ደኅና ከሰነበቱም በ45ኛው ቀን ገደማ ለክትባት ይወሰዳሉ። በዚያ ቀን ሁለት ካርድ መያዝ ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ ሕፃን የራሱ ስም፣ የራሱ ክብደትና የራሱ የክትባት መዝገብ ይኖረዋልና። ባለሙያዋ ስም ስትጠራ የተጠራው ሕፃን ብቻ ወደ ሚዛኑ ይቀርባል፤ ቁጥሩ በካርዱ ላይ እስኪጻፍ ድረስም ሌላው በያዘው ሰው ክንድ ላይ ይቆያል።